ሚያታን ለክረምት ማስገባት፦ ምን ይሠራል፣ ምን ይቆያል

አሮጌ ስፖርት መኪና ያለው ሰው ኦክቶበር ላይ የሚያወራውን ዕቅድ ብትሰሙ ፋብሪካ ሊከፍት ይመስላችኋል። ሞተሩ ይወርዳል፣ ወንበሩ ይለበጣል፣ ሞላው ይቀየራል፣ ቀለሙም ይነካካል። ኤፕሪል ደርሶ ሌላው ሰው ጣሪያውን አጥፎ ሲንሸራሸር የእሱ መኪና ገና የብረት እግር ላይ ተሰቅላለች። ስንፍና ሆኖ አይደለም። ሦስት ክረምት የሚፈጅ ሥራ በአንድ ክረምት ስለጀመረ ነው።

የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። እዚህ ከኖቬምበር ጀምሮ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። እስከ ማርች መጨረሻ፣ አንዳንዴም እስከ ኤፕሪል አይቆምም። መኪናዬ የ2000 ሞዴል ማዝዳ ሚያታ ናት። ባለ 1.8 ሊትር ሞተር፣ ባለ አምስት ማርሽ፣ ጣሪያዋ በእጅ የሚታጠፍ። ጨው አላስነካትም፣ ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ ታሳልፋለች። ሥራ የምሄደው በኮሮላ ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና በመግዛቴ ያልቀለደብኝ ዘመድ የለም። «ለቅሶ እንኳን አታደርስም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፣ አታደርስም።

ግን ለቤት ጋራዥ ከሷ የተሻለ መኪና አላውቅም። ሚያታ የወጣችው በ1989 ነው፤ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠርታለች። በባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪና ሽያጭ የሚደርስባት የለም። ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? መለዋወጫው እንደልብ ነው፣ ዋጋውም አያስደነግጥም። ኮፈኑን ስትከፍቱ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ቦታ አለ። ፖርሽ ቦክስተር ያለው ጓደኛዬ ሞተሩን በዓይኑ ለማየት እንኳን ጣሪያውን አንሥቶ ምንጣፍ መግለጥ አለበት።

ከዚህ በታች የምጽፈው ክረምቴን እንዴት እንደማቅድ ነው። መኪናችሁ ሌላ ብትሆንም አካሄዱ ይሠራል።

ምርመራው መኪናዋ ሳትቆም ነው

ዕቅዱን የምጀምረው ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ መኪናዋ ገና እየተነዳች ነው። የቆመች መኪና ምኗን እንደሚያማት አትናገርም። ስልኬ ላይ ማስታወሻ ከፍቼ እየነዳሁ የተሰማኝን ሁሉ ስቆም እጽፋለሁ። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ሁለተኛ ማርሽ አልገባም ይላል? ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል? ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወደ አንድ ጎን ይስባል? ጉድጓድ ስመታ ከኋላ የሚንኳኳ ነገር አለ? የሙቀት መለኪያው ዳገት ላይ ከወትሮው ከፍ ይላል? «የሆነ ድምፅ አለ» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም። በስንት ፍጥነት፣ በየት በኩል፣ ሲታጠፍ ነው ወይስ ቀጥ ሲል፣ ይጻፍ። ጃንዋሪ ላይ ተመልሳችሁ ልትሰሙት አትችሉም።

ማታ ማታ ከሥሯ ንጹሕ ካርቶን አነጥፋለሁ። ጠዋት ነጠብጣቡ ብዙ ይናገራል። ከፊት በኩል ቀለም ያለው ውሃ መሰል ነገር ከሆነ የራዲያተር ፈሳሽ ነው። ጠቆር ያለ ዘይት ከሞተሩ የኋላ ጫፍ ሥር ካገኛችሁ ቶሎ አትደንግጡ። ሰው ሁሉ ይህን ሲያይ የሞተሩ የኋላ ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ቀለበት) ሄደ ብሎ ካምቢዮ ስለማውረድ ማሰብ ይጀምራል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከላይ ያለው የቫልቭ ሽፋን ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ሽፋኑን የሚያሽገው ጎማ ነው። ዘይቱ በሞተሩ ጀርባ ተንሸራቶ ወርዶ ከታች ይንጠባጠባል። መጀመሪያ በባትሪ መብራት ከላይ ወደ ታች ተከተሉት። በጣም የራሰውን ቦታ ሳይሆን ከሁሉም ከፍ ብሎ የራሰውን ቦታ ፈልጉ።

ከካምቢዮው ጎን ጠራ ያለ ፈሳሽ ካያችሁ የፍሪሲዮን ዘይት ነው። በሚያታ የታወቀ በሽታ ነው፤ የታችኛው የፍሪሲዮን ሲሊንደር ማፍሰስ ይጀምራል፣ ከዚያ አንድ ቀን ፔዳሉ ወለል ላይ ተኝቶ ይቀራል። የጎማ ሽፋኑን ጫፍ ገለጥ አድርጋችሁ ውስጡ ከራሰ ተወስኗል፣ ይቀየር። በሁለት ቡሎን የታሰረ ርካሽ ዕቃ ነው። የላይኛውም ሲሊንደር ዕድሜው እኩል ስለሆነ አብሮ ቢቀየር ይሻላል። አዲሱ የታችኛው ግፊቱን ሲመልስ ያረጀው የላይኛው ተከትሎ የመሄድ ልማድ አለው።

ቀጥሎ ዝገት። የሁለተኛው ትውልድ ሚያታ፣ ማለትም ከ1999 እስከ 2005 ያለው ሞዴል፣ ሁለት ደካማ ቦታ አለው። አንዱ ከፊት ያለው የሻሲው ብረት ነው። እዚያ ላይ ብረቱ ድርብርብ ስለሆነ በመሃሉ ውሃ ይይዛል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ከላይ ቀለሙ ደህና መስሎ ውስጡ ሊያልቅ ይችላል። በካቻቢቴ እጀታ ቀስ እያላችሁ እየመታችሁ ሂዱ። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ አለው፤ የተበላው ዱብ ዱብ ይላል፣ ቅርፊትም ያራግፋል። ሁለተኛው ከበሩ ሥር ከኋላ ጎማ ፊት ያለው ነው። የዚህኛው መንስኤ ብዙ ጊዜ ከመንገድ የሚመጣ ጨው ሳይሆን ጣሪያው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስንት ደህና መኪና የጨረሰ ነገር ነው። ጣሪያው ላይ የወረደው ዝናብ ከወንበሮቹ ኋላ በግራና በቀኝ ወዳሉ ሁለት ቀዳዳዎች ይገባል። ከዚያ በቱቦ ወርዶ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ከመኪናዋ ሥር ይወጣል። ቅጠልና አቧራ ቱቦውን ከደፈነው ውሃው ወደ ምንጣፉና ወደ በሩ ሥር ብረት ውስጥ ይሄዳል። እዚያ ይተኛል፣ ያዝገዋል። ፍተሻው ቀላል ነው። በቡና ሲኒ ውሃ ቀስ ብላችሁ አፍስሱና ጎንበስ ብላችሁ ከሥር ተመልከቱ። ወዲያው ጠብ ጠብ ካለ ደህና ነው። ካልወረደ ለስለስ ያለ የሣር ማጨጃ ክር አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ጎርጉሩት። ሽቦ አትጠቀሙ፣ ቱቦውን ይበሳዋል። ይህ ሥራ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ከዝርዝሬ ሁሉ አንድ ብቻ ሥራ ብትሉኝ ይህን ነው የምሠራው።

በአንድ ክረምት አንድ ትልቅ ሥራ

ማስታወሻው ሲሞላ ሥራዎቹን በሦስት እከፍላቸዋለሁ። መጀመሪያ ሊገድለኝ ወይም መንገድ ላይ ሊያስቀረኝ የሚችል ነገር፦ ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪ፣ ፍሪሲዮን፣ የራዲያተር ቱቦ። ቀጥሎ ብዘገይ መኪናዋን እየበላ የሚሄድ ነገር፦ ዝገት፣ የውሃ መውረጃ፣ የዘይት ፍሳሽ። መጨረሻ ደስ የሚለኝ ነገር፦ የቸርኬ ቀለም፣ ቴፕ፣ አዲስ የማርሽ እጀታ። ሦስተኛውን አልንቀውም፤ ሰው ይህን መኪና የገዛው ለደስታ ነው። ግን ተራውን ጠብቆ ይገባል።

ከዚያ አንድ ትልቅ ሥራ ብቻ እመርጣለሁ። ትልቅ የምለው መኪናዋን ከሳምንት በላይ የሚያቆመውን ነው። አንድ ነገር ከተከፈተ ደግሞ በዚያው መክፈቻ የሚደረስበት ሁሉ አብሮ ይሠራል።

የታይሚንግ ቺንጋን፣ ማለትም ክራንኩንና ካሞቹን አንድ ላይ የሚያዞረውን ጥርሳም ቀበቶ፣ ልውሰድ። የሚያታ የታይሚንግ ቺንጋ በየ60,000 ማይል እንዲቀየር ነው የሚመከረው። አሮጌ መኪና ስትገዙ ሻጩ «ተቀይሯል» ይላል፣ ደረሰኝ ግን የለም። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም በሉ። በእኔ ሞተር ቺንጋው ቢበጠስም ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም፤ መንገድ ላይ መቅረት ግን አይቀርም። ወደ ቺንጋው ለመድረስ የራዲያተር ፈሳሹ ይወርዳል፣ የውጭዎቹ ቺንጋዎች ይወጣሉ፣ የቫልቭ ሽፋኑ ይነሣል፣ ካንዴላዎቹ ይፈታሉ። ይህን ሁሉ ከፍታችሁ ቺንጋውን ብቻ ለውጣችሁ መዝጋት ያሳዝናል። የውሃ ፓምፑ እዚያው ነው። ቺንጋውን የሚወጥረውና የሚመራው ባለ ኩሽኔታ መዘውር እዚያው ነው። የክራንኩና የካም ዘንጎቹ የፊት ሲሎች እዚያው ናቸው። የቫልቭ ሽፋን ጓርኒሲዮን፣ ቴርሞስታት፣ የራዲያተር ቱቦዎች፣ አዲስ ፈሳሽ። ሁሉም አንድ ላይ ይታዘዙ። ልዩነቱ ዕቃው ላይ ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ጉልበቱ አንድ ነው።

ሥራው ላይ የሚያስፈራው ምልክት ማስተካከል ነው። ሁለቱ የካም መዘውሮች ላይ «አይ» እና «ኢ» የሚል ምልክት አለ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል የቺንጋው ጥርስ 19 መሆን አለበት። አሮጌውን ከማውጣታችሁ በፊት ምልክቶቹን ገጥማችሁ ፎቶ አንሡ፣ ከፊት ለፊት ቀጥ ብላችሁ። ከጎን የተነሣ ፎቶ ያታልላል። አዲሱን ካሰራችሁ በኋላ ሞተሩን በቁልፍ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩና ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸውን እዩ። ሁልጊዜ በሰዓት አቅጣጫ። የሆነ ቦታ ላይ ከጠነከረባችሁ አታስገድዱት፣ ቁሙና ጥርሱን እንደገና ቁጠሩ። ካንዴላዎቹ ወጥተው ከሆነ በቀላሉ መዞር አለበት።

ማሰሪያ ኃይሉን በግምት አትሥሩ። የማዝዳ የጥገና መመሪያ ላይ ለእያንዳንዱ ቡሎን ተጽፏል፤ በኃይል መለኪያ ቁልፍ እሰሩ። የቫልቭ ሽፋኑ ትንንሽ ቡሎኖች በተለይ በጉልበት የሚታሰሩ አይደሉም፣ አሉሚኒየሙን ልሶ መውጣት ይወዳሉ።

የፈታሁትን ቡሎን ሁሉ የማስቀምጠው ባዶ የበርበሬ ማሰሮ ውስጥ ነው። ፕላስቲክ ስለሆነ በማርከር ይጻፍበታል፦ «መካከለኛ ሽፋን»፣ «የውሃ ፓምፕ፣ ረጅሙ ከታች»። ባለቤቴ ማሰሮ መጣል አቁማለች።

ትንንሾቹ

የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል፣ ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ እቀይረዋለሁ። የፍሪሲዮኑን ሲሊንደር የምቀይረውም በዚያው ሰሞን ነው፣ ዘይቱ አንድ ዓይነት ነውና። የኋላ ፍሬን ሸራ የሚቀይር ሰው ይህን ይወቅ፦ የሚያታ የኋላ ፒስተን በመጫን አይመለስም። ከካሊፐሩ ጀርባ አንዲት ቡሎን አለች። እሷን ስታወጡ ውስጧ ባለ 4 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ የሚገባበት አለ። ወደ ግራ ስታዞሩት ፒስተኑ ይመለሳል። ይህን ያላወቀ ሰው በመጫኛ ሲታገል ውሎ ካሊፐር ይሰብራል።

የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት አንድ ከሰዓት ይበቃቸዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ፍቱ። እሱ ሳይፈታ ከታች ካወረዳችሁና የላይኛው አልፈታ ካለ መኪናዋ ያለ ዘይት ተቀመጠች ማለት ነው። ማርሽ እጀታው ሥር ያለው ትንሽ ጎድጓዳም የራሱ ዘይት አለው። ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ያላችሁ አትርሱት። የጎማ ሽፋኑ ተቀዶ ከሆነ በበጋ እግራችሁን የሚያቃጥለው ሙቀት የሚገባው በዚያ ነው።

የጎማ ዕድሜ ጥርሱን አይቶ አይታወቅም። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 2314 ካለ በ2014 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ይህን ዓይነት የደረቀ ጎማ ይዤ አውራ ጎዳና አልወጣም።

ከዲሴምበር ጀምሮ ደግሞ አንድ ልማድ አለኝ። ጋራዥ በገባሁ ቁጥር የታችኛው የእግር ክንድ ረጃጅም ቡሎኖች ላይ ዝገት ማላቀቂያ እረጫለሁ። እነዚህ ቡሎኖች ጎማው የሚስተካከልባቸው ናቸው፣ ግን ዝገው ከጎማ ቡሹ የብረት ቱቦ ጋር ይጣበቃሉ። የሚጣበቁ ከሆነ አላይመንት ቤቱ ገንዘባችሁን ይመልስና «አይስተካከልም» ይላችኋል። ቦታቸውን በቀለም ምልክት አድርጌ ዳዶውን ፈትቼ ወዲህና ወዲያ ትንሽ ትንሽ አንቀሳቅሳቸዋለሁ። ክረምት ለዚህ ነው ጥሩ፤ ጊዜ አለ፣ ዘይቱ ሰርጎ እስኪገባ መጠበቅ ይቻላል። ከናካቴው እንቢ ያለው ተቆርጦ ይወጣል፣ አዲስ ቡሎን ይታዘዛል።

ብርዱና አቋቋሙ

ጃንዋሪ ላይ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲሆን ማሞቂያ በሌለው ጋራዥ መሥራት ቅጣት ነው። ብረቱ እጅ ይይዛል። ፕላስቲክ መሰኪያዎች ደግሞ ሲነኳቸው ይሰበራሉ። ስለዚህ በፀጉር ማድረቂያ አሙቄ ነው የምነቅላቸው። የሚታጠፈውን ጣሪያም በብርድ አታጥፉት፣ ይሰነጠቃል። ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጋራዡን ባያሞቅም እጅን ያሞቃል። ነዳጅ የተከፈተበት ቀን ግን ማሞቂያ የሚባል ነገር አይበራም። በሩ ተዘግቶም ሞተር አይነሣም፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ አለው።

ስትሰቅሏት ከፊት መስቀለኛውን ብረት፣ ከኋላ የዲፈረንሻሉን ቤት በክሪክ አንሡ። የብረት እግሮቹ ከበሩ ሥር ባለው ጠርዝ ላይ፣ ምልክት በተደረገበት ቦታ ይቁሙ። ከወለሉ ሥር በቁመት የሚሄዱት ስስ ብረቶች ክሪክ አይችሉም፤ ብዙ ሚያታ ላይ ተጨፍልቀው የምታዩአቸው ለዚህ ነው። ከሥሯ ከመግባታችሁ በፊት በእጃችሁ ነቅንቋት። የፈታችሁትን ጎማም ጎኗ ሥር አስተኙት።

የቀረው የታወቀ ነው። ዘይቱ ከመቆሟ በፊት ይቀየራል፣ ታንኩ ይሞላል፣ የነዳጅ ማቆያ ይጨመርና ጥቂት ይነዳል። የእጅ ፍሬን አይሳብም፣ ጎማው ሥር እንጨት ይደረጋል። ባትሪው ሚያታ ላይ ከኋላ የዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ነው። ጋዙን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ ያለው ዓይነት መሆን አለበት፣ የሱፐርማርኬት ባትሪ አታስገቡበት። ቻርጅ ጠባቂ ይሰካበታል። የማርሚታው አፍ በብረት ሱፍ ይደፈናል፣ አይጥ እንዳይገባ። መሪው ላይም «ማርሚታውን ክፈት» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። በየሁለት ሳምንቱ አስነሥቶ ማጥፋት የሚባለውን ተዉት፤ ሞተሩ ሳይሞቅ እርጥበት ብቻ ይሰበስባል።

የጊዜ ሰሌዳዬ በበዓል ነው የሚሄደው። እስከ ኅዳር ሚካኤል ታጥባ፣ ደርቃ ቆማለች። ከዚያ እስከ ገና ፍሬንና ዘይቶች። የገናና የጥምቀት ሰሞን ቅዳሜና እሑድ ከሰሌዳው ይሰረዛል። እንግዳ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ማታለል አይቻልም። ትልቁ ሥራ ከጥምቀት ማግሥት ይጀመራል። ዕቃው በሙሉ እጄ ሳይገባ፣ ከሳጥኑ ወጥቶ ሳይታይ፣ አንድ ቡሎን አልፈታም። ባለ አምስት ማርሽ ስታዙ ለስድስት ማርሽ የሚሆነውን ይልካሉ፤ የ2001 ዕቃም ለ2000 ሞተር ሁሉ አይሆንም። ማርች ከገባ በኋላ አዲስ ነገር አልከፍትም። ያ ወር የሚሰበሩ ቡሎኖችና የሚዘገዩ ፖስታዎች ወር ነው።

በጀቱን በተመለከተ፣ የገመታችሁት ላይ አንድ ሦስተኛ ጨምሩ። መሣሪያ ትገዛላችሁ፣ የተሰበረ ቡሎን ትተካላችሁ። ኢንሹራንሳችሁን ደግሞ ጠይቁ፤ ብዙ ኩባንያዎች ለቆመች መኪና የመንገዱን ሽፋን አንሥተው የስርቆትና የእሳቱን ብቻ ያስቀራሉ፣ ክፍያውም ይወርዳል። ከመንዳታችሁ በፊት ግን ማስመለስ አለባችሁ።

በረዶው ቀለጠ ብላችሁ ወዲያው አትውጡ። ደህና ዝናብ ጨውን እስኪያጥበው ጠብቁ። የመጀመሪያው ጉዞ ሰፈር ውስጥ ይሁን። ተመልሳችሁ ካርቶኑን አንጥፉ፣ የራዲያተሩን መጠን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እዩ፣ የጎማ ብሎኖቹን እንደገና እሰሩ፤ ለሚያታ ከ65 እስከ 87 ፉት-ፓውንድ ነው። የአላይመንት ቀጠሮ ደግሞ ማርች ላይ ያዙ። ኤፕሪል ላይ ከተማው ሁሉ ጉድጓድ መትቶ ሲመጣ ተራ አይገኝም።